በበደለን ሕዝብ የነፃነት ቀን

የበደለን ሰው ቤት ደስታ በሆነበት ዕለት በእንግድነት ብንገኝ ከደስታው ልንካፈል ይገባናልን? ወይስ ያለፈውን እያሰብን በደጅ ልንቆም? ኢትዮጵያዊ ሚያዝያ 17 ቀን በሮማ ከተማ ሲውል ይህ ጥያቄ በመንገድ ላይ ይገጥመዋል።

ይህ ቀን የኢጣልያ ሕዝብ የነፃነት በዓል ነው። ፋሺስቶችንና የጀርመንን ጦር በሰሜን ኢጣልያ ይዋጉ የነበሩት አርበኞች መሪዎች ሕዝቡ በጠቅላላ እንዲነሣ በ1937 ዓ.ም. ያዘዙት በዚሁ ዕለት ነበርና። ሮማ ራሷ ነፃ የወጣችው ቀደም ብላ ግንቦት 27 ቀን 1936 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዓሉን ግን ከአገሩ ሁሉ ጋር ታከብረዋለች። መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ስሙ ባልታወቀው ወታደር መቃብር ላይ የአበባ ጉንጉን ያኖራል፤ ብዙ ሰውም በቅዱስ ጳውሎስ በር አጠገብ ይሰበሰባል። በዚያ ስፍራ በጳጉሜን 1935 ዓ.ም. ወታደሩና ተራው ሰው በአንድነት ከተማይቱን ሊይዝ የመጣውን የጀርመን ጦር ተከላክለዋል።

እኔም ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር። አባቶች ልጆቻቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ይዘምራሉ። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. ጀርመኖች በከተማይቱ ዳርቻ በዋሻ ውስጥ የገደሏቸውን 335 ሰዎች አሰብሁ፤ አዘንሁም። ወዲያው ግን የካቲት 12 ቀን ትዝ አለኝ። ይህች ዕለት ከሕዝብ በዓሎቻቸው አንዲቱ አይደለችም።

አንዳንዶች «የበደለን ፋሺስት እንጂ ኢጣልያ አይደለም» በማለት ነገሩን ያቀልሉታል። እኔ ይህን አልቀበለውም። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙት ግን በ1915 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ደስታቸውም ሐሰት አይደለም። ሌላው የእኔን ቁስል እስኪያስታውስ ድረስ በደኅንነቱ አልደሰትም ብል፥ ደስታን እንደ ገበያ ዕቃ በልውጥ የምሰጥ መሆኔ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዋል፤ ያን ጊዜም ይቅርታው ከበዳዩ እስኪለመን ድረስ አልተጠበቀም። ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው፤ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ በር ተነሥቶ የአቬንቲኖን ጎዳና ይዞ የሚሄድ ሰው በሩብ ሰዓት ያህል ፖርታ ካፔና ወደሚባለው አደባባይ ይደርሳል። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ከስፍራው ተወስዶ ከ60 ዓመት በላይ የቆመው በዚህ ነበር። በአጠገቡ ያለው ታላቅ ሕንፃ የአፍሪቃ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን የታቀደ ነበር፤ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት ነው። ኢጣልያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ በየካቲት 1939 ዓ.ም. በሰላም ውል ተገድዳ ነበር። የሐውልቱ ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል አክሱም የደረሰው ግን ሚያዝያ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እነርሱ የነፃነታቸውን 60ኛ ዓመት ባከበሩበት ዕለት ነው። ስለዚህ ይህ ቀን፥ ብናውቀውም ባናውቀውም፥ ለእኛም ድርሻ አለው።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። በበሩ አጠገብ ሳለሁ አንዲት አሮጊት እናት ከየት አገር እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ መሆኔን ብነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና አባታቸው በዚያ ወታደር እንደ ነበሩ ነገሩኝ። ዓይን ዓይኔን ይመለከቱ ነበር፤ ተጨማሪ ነገር እንድጠይቃቸው የፈለጉ መሰለኝ። እኔ ግን ፈገግ ብዬ «በዓሉ መልካም ይሁንልዎ» ብቻ አልኋቸው። ያን ጊዜ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ፍርሃት ነበር፤ እውነቱን ብንነጋገር ደስታቸው የሚፈርስ፥ የእኔም ይቅርታ የሚፈተን መስሎኝ ነበርና።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን ከአገሬ ሰዎች ጋር በዓላችንን ሳከብር እኒያ እናት በአጠገቤ የቆሙ መሰለኝ፤ አባታቸው ምን እንዳዩ፥ ምንስ እንዳደረጉ ያን ጊዜ በልቤ ጠየቅኋቸው።