ሪዘርቩ ለመመለሻ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው የዕረፍት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ስንቀምስ አንድ ወንድማችን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሥራው በረሃ ላይ ነው። ከዱባይ ወደ ሐታ በሚወስደው መንገድ፣ አል በዳየር በሚባለው የቀይ አሸዋ ኮረብታ አካባቢ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር ለጎብኚ ከሚያከራዩ ሰዎች ዘንድ ይሠራል። ሞተሩን ያጥባል፣ ቤንዚን ይሞላል፣ ለእንግዳው አነዳዱን ያሳያል፤ አሸዋ ውስጥ ቆሞ የቀረ ሲኖርም ሄዶ ያመጣል።

«አባታችን፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው» አለኝ። «‹ሪዘርቩ ስንት ጊዜ ይቆያል?› ይሉኛል።»

«አንተስ ምን ትላቸዋለህ?»

«‹ለመመለሻ ይበቃል› እላቸዋለሁ። ሌላ መልስ የለኝም።»

ቤቴ ከገባሁም በኋላ ያ መልስ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው ፈለግሁ።

ሞተሩን በቅርብ ያላያችሁ ብዙዎች ናችሁና እርሱ ለእኔ እንዳስረዳኝ ላስረዳችሁ። አዲሶቹ ሞተሮች ነዳጅ ሲያንስ በመብራት ያስጠነቅቃሉ። ካርቡሬተር ባላቸው በቀድሞዎቹ ላይ ግን ከነዳጅ ታንኩ ሥር በእጅ የምትዞር ትንሽ መክፈቻ አለች። ሦስት ቦታ አላት፤ አንዱ ነዳጁን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ለተለመደው ጉዞ ይከፍታል፣ ሦስተኛው ሪዘርቭ ነው። ብዙ ሰው ሪዘርቭ ሲባል የተደበቀ ሌላ ታንክ ያለ ይመስለዋል። የለም፤ ታንኩ አንድ ነው፣ ቤንዚኑም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚቀዳበት ከፍታ ነው። ለተለመደው ጉዞ የሚቀዳው ቱቦ ረጅም ነው፤ አፉ ከታንኩ ወለል ከፍ ይላል። የሪዘርቩ አፍ ግን ወለሉ ላይ ነው። ቤንዚኑ ከረጅሙ ቱቦ አፍ በታች ሲወርድ ሞተሩ ያንገራግራል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ነጂው ያን ጊዜ መክፈቻዋን ወደ ሪዘርቭ ሲያዞራት ሞተሩ ነፍስ ይዘራል። አዲስ ነገር ግን አልተጨመረለትም፤ ከሥር የቀረውን መጠጣት ጀመረ እንጂ።

ታዲያ ስንት ይቆያል? የእነዚህ ሞተሮች ታንክ ብዙ ጊዜ 10 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ሪዘርቩ ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ነው። አንዱ ሊትር በጠንካራ መሬት 10 ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ፣ በለስላሳ አሸዋ ግማሹንም ላያስኬድ ይችላል። ጎማው ይሰምጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መንገዱ ግን አይገፋም። የዳገቱ ብዛት፣ የነጂው ክብደት፣ የነጂው ጥድፊያ ሁሉም ይቆጠራል። ታንኩ ሳይጸዳ የቆየ ከሆነ ደግሞ ከሥር የተጠራቀመው ውኃና ዝቃጭ ከመጨረሻው ቤንዚን ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ «ይህን ያህል ደቂቃ» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀጥሎ የነገረኝ ነው። «አንዳንዱ ታንኩን ይሞላና መክፈቻዋን ወደ ቦታዋ መመለስ ይረሳል። ከመጀመሪያው ጀምሮ በሪዘርቭ ላይ ይነዳል። ሞተሩ ደህና ይሄዳል፤ ምንም የሚያስታውቅ ነገር የለውም። ቤንዚኑ ያለቀ ዕለት ግን ሳያንገራግር፣ ሳያስጠነቅቅ፣ አንዴ ቀጥ ይላል። የቆመ ሞተር ላመጣ ስሄድ መጀመሪያ የማያት ያችን መክፈቻ ነው» አለኝ።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እስኪ ይህን ጥያቄ እንመርምረው። ሰው «ስንት ይቆያል?» ብሎ የሚጠይቀው ለምንድን ነው? መመለስ የፈለገ ሰው የሚጠይቀው «ካምፑ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ነው። «ሪዘርቩ ስንት ይወስደኛል?» የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት አንድ ኮረብታ መጨመር የፈለገ ነው። ለመመለሻ የተቀመጠለትን ለመሄጃ ሊያደርገው ዐስቧል።

እኛም በነፍሳችን እንዲሁ ነን። «ንስሐ አልገባም» የሚል ክርስቲያን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የሚያጋጥመኝ «ይቺን ኮንትራት ልጨርስና» የሚል ነው። «ቤቱ ጣሪያ ይውጣለትና»፣ «ታናሽ ወንድሜ ይመረቅና»፣ «አገሬ ስገባ በንስሐ አባቴ ፊት» የሚል ነው። ከእናቷ ጋር ተጣልታ ስልክ ያቆመች እኅት «አልታረቅም» አትልም፤ «ጊዜው ሲደርስ» ትላለች። ሁላችንም እንመለሳለን እያልን ነው የምንርቀው። እግዚአብሔርን አልካድንም፤ ሪዘርቩን ግን ቆጥረንበታል።

«ቀኑን ብናውቀው ኖሮ እኮ እንዘጋጅ ነበር» የሚልም አለ። እውነት እንዘጋጅ ነበር? የቀረለትን ዕድሜ በቁጥር የተነገረው አንድ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ ንጉሡ ሕዝቅያስ (2ኛ ነገሥት 20)። ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተኝቶ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ ቤቱን እንዲያዘጋጅ ነገረው። እርሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ዕንባውን አይቶ 15 ዓመት ጨመረለት። ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ሪዘርቭ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል? ከዚያ በኋላ ግን ከባቢሎን መልእክተኞች መጡ፤ ንጉሡም የከበረውን ዕቃና መዛግብቱን አንድም ሳያስቀር አሳያቸው። ያሳየው ሁሉ አንድ ቀን ወደ ባቢሎን እንደሚወሰድ ነቢዩ ሲነግረው በእርሱ ዘመን ሰላም መሆኑ በቃው። ሕዝቅያስ መልካም ንጉሥ ነበር፤ ልንፈርድበት አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩን ማወቅ ብቻውን ሰውን ጠንቃቃ እንደማያደርገው ከእርሱ እንማራለን።

ልጁ ምናሴ ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነበር፤ በእነዚያ በተጨመሩት ዓመታት የተወለደ ነው ማለት ነው። ምናሴ እጅግ ክፉ ሠራ። ዕድሜው በቁጥር አልተነገረውም። ነገር ግን በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን በተወሰደ ጊዜ፣ በሰው አገር በጭንቅ ሆኖ ራሱን አዋረደ፣ ወደ አምላኩም ጮኸ፤ እግዚአብሔርም ሰምቶ መለሰው (2ኛ ዜና 33)። ምን ያህል እንደቀረው ሳይጠይቅ የቀረውን ለመመለሻ አዋለው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው በቅን ልብ ሊከራከረኝ ይችላል። «አባታችን፣ የእግዚአብሔር ምሕረት ያልቃል እንዴ?» ይለኛል። አያልቅም። ልብ በሉ፣ ምሕረት ማደያው ነው፤ ሪዘርቩ ደግሞ በእኛ ታንክ ውስጥ ያለው ነው። ማደያው አይዘጋም፣ አይጎድልም። የሚጎድለው እዚያ የሚያደርሰን የእኛ ዕድሜ፣ የእኛ ፈቃድ፣ የእኛ ልብ ነው። ልብም እንደዚያ ታንክ ነው፤ ሳይጸዳ ሲቆይ ዝቃጩ ከሥር ይጠራቀማል። ዛሬ ማልቀስ የሚችለው ዓይን ከዐሥር ዓመት በኋላም ማልቀስ ይችል እንደሆነ ማን ዋስ ይሆነዋል? ከጌታችን ጋር የተሰቀሉትን ሁለቱን ወንበዴዎች ተመልከቱ። ለሁለቱም የቀረው ሰዓት እኩል ነበር። ከጌታ የነበራቸውም ርቀት እኩል ነበር። አንዱ ያቺን ሰዓት ለመመለሻ አደረጋት፣ ሌላው ለስድብ ጨረሳት።

ስለ ሥጋዊው ኑሯችንም አንድ ቃል ልበል፤ ነፍስና ሥጋ ተለያይተው አይኖሩምና። አንዳንዶቻችሁ ደመወዛችሁን እስከ መጨረሻዋ ድርሃም ወደ ቤት ትልካላችሁ። ፍቅር ነው፤ እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። ነገር ግን የመመለሻ ቲኬት የምትሆን፣ ብትታመሙ መድኃኒት የምትገዛ ትንሽ ማስቀረት ስስት አይደለም። «ለዚህ ወር ይህን ያህል ነው የምችለው» ብሎ ለቤተሰብ በትሕትና መንገርም ኃጢአት አይደለም። ሰውነታችሁም ሲያንገራግር ስሙት። ትኩሳቱን በኪኒን እያፈናችሁ በላዩ ላይ ሥራ የምትደርቡ አላችሁ። የሕመም ስሜት የተሰጠን እንድናርፍና እንድንታከም ነው። ሁልጊዜ ሪዘርቭ ላይ የሚነዳ ሰው ማስጠንቀቂያውን ያጣል፤ ወንድማችን እንዳለው አንዴ ቀጥ ይላል።

በሩ ተቆልፎባችሁ፣ የዕረፍት ቀን ተከልክላችሁ፣ ይህን መልእክት ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ እኅቶችም እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። ለእናንተ ይህ ቃል ወቀሳ አይደለም። መምጣት አቅቶት የቀረና መምጣት ሳይፈልግ የቀረ በእግዚአብሔር ፊት አንድ አይደሉም። መክፈቻዋ ያለችው በልባችሁ ውስጥ ነው፤ እርሷን ማንም አሠሪ አይቆልፋትም። ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ የምታደርሷት አንዲት አባታችን ሆይ፣ ጓዳ ውስጥ የምትሰግዷት ስግደት፣ መንገዱ እስኪከፈትላችሁ ድረስ መመለሻችሁ ናት።

ንስሐ ገብታችሁ፣ ቀኖናችሁን ፈጽማችሁ፣ ለሥጋ ወደሙ የበቃችሁ ደግሞ ታንካችሁ ሞልቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን መክፈቻዋን ወደ ቦታዋ መልሷት። ይቅር ተብለናል ብለን ሕሊናችንን እንደገና ዝም ካሰኘነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ አያንገራግርልንም። ከንስሐ በኋላ ትንሿ ኃጢአት ልትከብደን ይገባል። ያ መክበድ የጤና ምልክት ነው፤ ረጅሙ ቱቦ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነውና።

ከመለያየታችን በፊት ወንድማችንን አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅሁት። «ቤንዚኑ መንገድ ላይ ያለቀበትስ ምን ይሆናል?»

«ፊቱን ወደ ካምፑ ያዞረውን ቶሎ አገኘዋለሁ» አለኝ። «ስንወጣ በሄድንበት ዱካ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ጄሪካን ይዤ እደርስለታለሁ። የሚያስቸግረኝ ሪዘርቭ ከገባ በኋላም ወደ ፊት የቀጠለው ነው። አሸዋው ውስጥ በየት በኩል ልፈልገው?»

ያን ጊዜ የጠፋው ልጅ ታሪክ ትዝ አለኝ (ሉቃስ 15)። እርሱም እንደ እኛ ወደ ሩቅ አገር የሄደ ስደተኛ ነበር። ገንዘቡን ጨርሷል፣ ተርቧል፤ የቀረው የእግሩ ጉልበት ብቻ ነበር። ያቺን ጉልበት ወደ አባቱ ቤት አዞራት። አባቱም ልጁ በር እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ገና ሩቅ ሳለ አየውና ሮጦ ተገናኘው። የልጁ ጉልበት መንገዱን በሙሉ ባይበቃ ኖሮ እንኳ የአባቱ ሩጫ የቀረውን ይሞላው ነበር።

ስለዚህ «ብዙ ርቄአለሁ፣ የቀረችኝ ዕድሜ ለንስሐ አትበቃም» እያላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ አይዟችሁ። የሚፈለግብን ፊታችንን ማዞር ነው። ትንሽም ብትሆን ወደ ቤት የዞረች ጉልበት አባቷን መንገድ ላይ ታገኘዋለች። «ገና ብዙ አለኝ» የምንል ደግሞ እንፍራ፤ ወደ ፊት የዞረ ሙሉ ታንክም ያልቃል።

በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። «ጊዜው ሲደርስ» ብለን ያቆየነውን አንዱን እንምረጥ፤ ያልተደወለ ስልክ፣ ያልተነገረ ኃጢአት፣ ያልተመለሰ የሰው ገንዘብ። እርሱን ዛሬ እንጀምር።

ለመመለሻ የሰጠንን ዕድሜ ለመመለሻ እንድናደርገው አምላካችን ይርዳን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። በየበረሃው፣ በየሰው ቤት ያላችሁትን በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።