ክዳን ያለው ፍርሃት

ልጄ ማታ ማታ የጅብ ተረት ንገረኝ ትለኛለች። ስነግራት ትፈራለች፤ ስጨርስ «ድገመው» ትላለች። ሰው ፍርሃትን ይናፍቃል ማለት ነው?

በአሜሪካ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የልጅነታቸውን የአስፈሪ ፊልም ማስታወቂያ በውድ ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው የ«ድራኩላ» ፖስተር አንድ ቅጂ በ2017 ከ525 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። ማስታወቂያው ማጋነን ያውቅበት ነበር። በ1958 ዊሊያም ካስል «ማካብር» የተባለ ፊልሙን ሲያሳይ፣ ተመልካች በድንጋጤ ቢሞት 1,000 ዶላር የሚያስከፍል የሕይወት ዋስትና አደለ። ማንም እንደማይሞት ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ። ሁለቱም ያወቁት ማታለል ለእኔ ጨዋታ ነው።

ገዢው ልጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በ1962 ቶፕስ የተባለው ኩባንያ ከማስቲካ ጋር የሚሸጡ «ማርስ አታክስ» የተሰኙ 55 የሥዕል ካርዶች አወጣ፤ የማርስ ፍጡራን ሰው ሲያቃጥሉ፣ ከተማ ሲያወድሙ የሚያሳዩ። አዋቂዎች ተቆጡ፤ ኅትመቱም ተቋረጠ። ቁጣቸውን አልነቅፍም፤ ፍርሃትን ለልጅ መቸርቸር ነውር አለው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ በኩባ ሚሳይሎች ሰበብ ዓለምን ከኑክሌር ጦርነት አፋፍ ያደረሷት ልጆች አልነበሩም።

የካርዱ ፍርሃት በመዳፍ ይያዛል፤ ከጓደኛ ጋር ይለዋወጡታል፤ ሲመሽ ካርቶን ውስጥ ይከደናል። የአዋቂዎቹ ፍርሃት ክዳን አልነበረውም። ሰብሳቢዎቹ የሚናፍቁት ፍርሃቱን ሳይሆን ክዳኑን ይመስለኛል።

ስለዚህ ማታ ዜናውን አጠፋና የጅቡን ተረት እጀምርላታለሁ።