የዘበኛው እንስራ

በደሃና፣ ከአምደ ወርቅ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ትምህርት ቤት ነበረ። በግቢው አንድ ዋርካ፣ ከዋርካው ሥር አንድ እንስራ፣ ከእንስራው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። ውሃው ከሩቅ ምንጭ በአህያ ይመጣል። ሚያዝያ ሲገባ ምንጩ ይቀጥናል፤ ሁለቴ ትመላለስ የነበረችው አህያም በቀን አንዴ ብቻ ትሄዳለች።

እንስራው ያዣል። ሆዱ ዘወትር እርጥብ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈርም ዘወትር ጭቃ ነው። ንቦች እየመጡ ከጭቃው ይቀስማሉ።

አንድ ቀን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ተሰብስበው መከሩ። «እኛ በጣሳ እየተለካልን እንጠጣለን፤ መሬቱ ያለ ልክ ይጠጣል» አሉ። የአንደኛው ልጅ አባት ቀፎ አላቸው። ልጁ ከቤት ሰም ይዞ መጣ። ሰሙን በፍም አቀለጡ፤ እንስራውን አደረቁ፤ ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ለቀለቁት።

ዘበኛው አዩና፣ «ልጆቼ፣ እሱ እኮ ላቡ ነው፤ ተዉት» አሉ።

«አባባ፣ ውሃችን እያለቀ ነው እኮ!» አሉ ልጆቹ።

የፊዚክስ መምህሩ በዚያ ሲያልፍ አየ። አየና ዝም አለ።

በማግስቱ የእንስራው ሥር ደርቆ አደረ። ልጆቹ ደስ አላቸው። የእረፍት ደወል ሲደወል ተሰለፉ። የመጀመሪያው ልጅ አንዴ ተጎነጨ፤ ፊቱን አኮማተረ፤ የቀረውን ደፋ። ሁለተኛውም ደፋ። ሦስተኛዋ «ሞቋል» አለችና ደፋች። ቀትር ላይ በዋርካው ሥር ያለው ጭቃ ከወትሮው በለጠ።

ልጆቹ ወደ መምህሩ ሄዱ። መምህሩም፣ «ቅዳሜ ጠዋት ኑ» አላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። መምህሩ ከጎረቤት ሌላ እንስራ ተውሶ አቆይቷል፤ መጠኑ ያው፣ የሠራችውም ያችው ሸክላ ሠሪ ናት። አንዱ ሰም አለው፤ አንዱ የለውም። ሁለቱን እኩል ሞሉ፤ አፋቸውን ከደኑ፤ ከሥራቸው ሰሃን አኖሩ። ከዚያ መምህሩ ከሰል አነሳና በእያንዳንዱ እንስራ ዙሪያ መሬቱ ላይ ክብ አሰመረ። «ከዚህ መስመር ወደ ውስጥ ምን ገባ? ወደ ውጭስ ምን ወጣ? ሥራችሁ ይኸው ነው» አለ። ለአንዲት ልጅ ቀጭን ዘንግ ሰጣት። ልጅቷ ዘንጉን በየተራ ነከረች፤ ውሃው በደረሰበት ላይ በከሰል ምልክት አደረገች።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አልጠጣ። ንቦቹን እንኳ በቅጠል አባረሯቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጅቷ ዘንጉን ሰም ወዳለው እንስራ ነከረች፤ ውሃው ከምልክቱ አልጎደለም። ሰም ወደሌለው ነከረች፤ ሁለት ጣት ጎድሏል። «ሰሃኑ ላይ ነው ያለው» አሉ ልጆቹ። ልጅቷ ሰሃኑን አነሳች፤ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ወደ እንስራው መለሰችው። ዘንጉን እንደገና ነከረች። አሁንም ከአንድ ጣት በላይ ይጎድላል።

«ጠብ ያለውን መለስኩ» አለች። «ይኼ ግን ጠብ አላለም።»

«ሰው ጠጥቶት ይሆናል» አለ የሰሙ ልጅ።

«እዚሁ ነበርኩ።»

ልጅቷ ቆማ አሰበች። መዳፏን በእንስራው እርጥብ ሆድ ላይ አሳረፈች። መዳፏ ረጠበ፤ እፍ ስትልበት በረዳት። ሌላኛውን መዳፏንም እፍ አለችበት፤ ደረቅ ነውና እንደዚያኛው አልበረዳትም።

«በነፋሱ ነው የወጣ» አለች።

«ባዶ እጁን ነው የወጣው?» አለ መምህሩ።

ልጅቷ ከሁለቱም እንስራ ቀዳች። ከዚያኛው ተጎነጨች፤ ከዚህኛው ተጎነጨች።

«አይደለም» አለች። «ሙቀቱን ይዞ ነው የወጣ።»

ምሳሌው ይህ ነው። ልጆቹ በሰሙ አይወቀሱ። ውሃ በአህያ በሚመጣበት አገር ጠብታ ያሳዘነው ልጅ አስተዋይ ልጅ ነው፤ የሚጠፋውን ውሃ አየ እንጂ አብሮት የሚሄደውን ሙቀት አላየም። አንድ ግራም ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ከሸክላውና ከቀረው ውሃ ይወስዳል። ይህ ሙቀት 58 ግራም ውሃን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማቀዝቀዝ ይበቃል። ደሃና ባለበት በዋግ የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ እንስራው ሥራውን ቶሎ ይሠራል፤ ሐምሌ ላይ አየሩ ራሱ ሲርስ ያው እንስራ እያዣም ብዙ አያቀዘቅዝም። እንስራው ብቻውን ምንም አያደርግም ማለት ነው፤ ከመስመሩ ውጭ ካለው አየር ጋር ሆኖ ነው የሚሠራው።

የመፍላት ነገርም እንዲሁ ከውጭው አየር ጋር የተያያዘ ነው። የትምህርት መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። በዚያው በዋግ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ሰቆጣ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላው የሚዘገየውም ለዚህ ነው። 100ን በቃሉ የያዘ ልጅ ፈተና ያልፋል። በድስቱ ዙሪያ መስመር አስምሮ «ከላይ ምን ይጫነዋል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ግን የእናቱን ማጀት ያውቃል፤ ፈተናውንም ያልፋል። በመስመር የተከለለውን ነገር ፊዚክስ «ሥርዓት» ይለዋል። እኛ ብዙ ጊዜ ፍቺውን እናስቀድማለን፤ «ሥርዓት ማለት» ብለን እንጀምርና ልጁ ከግቢው አንድ ነገር ሳይነካ ዓመቱ ያልቃል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሰኞ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሌላ ክብ ሠራ። በውስጡ የተከዜን ግድብ ሐይቅ ጻፈ፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለውን ግድብ። ልጆቹ አሁን የሚጠይቁትን ያውቃሉ። ወንዙ ይገባል፣ ዝናብ ይገባል፤ ተርባይን ያዞረው ይወጣል፣ ፀሐይና ነፋስ የወሰዱት ይወጣል። የሰሙ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ከኛ እርሻ ታጥቦ የሚሄደው አፈርስ?»

«ይገባል» አለ መምህሩ።

«በየት ይወጣል?»

መምህሩ ጠመኔውን ለልጁ ሰጠው። ልጁ ክቡን ዞረና ዞረና መውጫ ሲያጣ ከሥሩ «ደለል» ብሎ ጻፈ። የዚያን ዕለት ቀሪው ክፍለ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ በፈረሰው እርከን ላይ ሆነ።