ማን ማንን ፈተነ?

ለፓዌ ሰው ስለ ወባ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከሌላም አካባቢ ተጭኖ መጥቶ በለስ ሸለቆ ውስጥ፣ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች የሰፈረው ገበሬ መሬቱን ሳይለምድ ነበር ከትንኟ ጋር የተዋወቀው። ዛሬም ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ጣቱን ይወጋል፣ ጠብታ ደም ይሰጣል። ደሙ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፣ ይደርቃል። የላቦራቶሪው ባለሙያ 100 የሚል ቁጥር ያለበትን ሌንስ ከማዞሩ በፊት ስላይዱ ላይ ዘይት ጠብ ያደርጋል። ከዚያ አጎንብሶ ያያል፤ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። በዚያች ቃል አንዱ መድኃኒት ይውጣል፣ ለሌላው ሌላ በሽታ ይፈለግለታል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከ«አለ» በስተጀርባ ያለው እምነት ነው። ባለሙያው ሌንሱን ያምናል። ለሌንሱስ ማን መሰከረለት? ነገሩን ወደ ኋላ ሲጎትቱት የሚወስደው ወደ ሆስፒታል አይደለም፤ ወደ ባሕር ነው፣ ዳያተም ወደሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት።

ዳያተም ውሃና ብርሃን ባለበት ሁሉ አለች፤ በባሕር፣ በሐይቅ፣ እግር በሚያንሸራትተው የወንዝ ድንጋይ ቡናማ ዝልግልግ ላይ። በዓለም ላይ ከሚካሄደው ብርሃን አስተጻምሮ አንድ አምስተኛ ያህሉ የእነዚህ ረቂቃን ሥራ ነው ይባላል። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ሲሊካ ትወስድና ቤቷን ከብርጭቆ ትሠራለች። ቤቱ እንደ ሙዳይ ነው፤ አንዱ ግማሽ በሌላው ላይ ይከደናል። ግድግዳው ደግሞ በተደረደሩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ሌንሱ ደከም ያለ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ተያይዘው መስመር ይመስላሉ። ፕሌውሮሲግማ አንጉላቱም በምትባለው የባሕር ዳርቻ ዳያተም በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ማይክሮን፣ ማለት የሚሊሜትር አንድ ሁለት ሺህኛ ገደማ ነው። አምፊፕሌውራ ፔሉሲዳ በምትባለው የጨው አልባ ውሃ ዳያተም ደግሞ የዚያ ግማሽ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሌንስ ሠሪዎችና ገዢዎቻቸው አዲስ ሌንስ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት እነዚህን የብርጭቆ ዛጎሎች ከሥሩ ማስቀመጥ ነበር። መስመሮቹን ለይቶ ካሳየ ሌንሱ ዋጋውን ያወጣል፤ ካላሳየ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። ሌንሱ ጥሩ መሆኑ የታወቀው መስመሮቹን ስላሳየ ነው። መስመሮቹ መኖራቸው የታወቀው ደግሞ ጥሩ ሌንስ ስላሳያቸው። አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኗል፤ ለሁለቱም ዋስ የሚሆን ሦስተኛ ግን አይታይም። የዘመኑ ሰዎችም ይህን ሳያዩት አልቀሩም፤ አጥብቀው ተከራክረዋል። አንዱ ነጥቦቹ ክብ ናቸው ሲል ሌላው ስድስት ማዕዘን ናቸው አለ፤ አንዱ ጉብታ ሲል ሌላው ጉድጓድ። ማስተካከያውን በጥቂቱ ሲያዞሩት ነጩ ነጥብ ጥቁር ይሆናል፣ ጥቁሩም ነጭ። ታዲያ እውነተኛው የትኛው ነው?

ጀርመን ውስጥ በዬና ከካርል ዛይስ ጋር ይሠራ የነበረው ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 ያሳተመው ሐሳብ ጭቅጭቁን አላበረደም፤ ይልቁንም ሥሩን አሳየ። ብርሃን በእንዲህ ያለ ረቂቅ መረብ ውስጥ ሲያልፍ ተበትኖ ወደ ብዙ ጨረር ይከፈላል፤ ምስሉ የሚሠራው ሌንሱ የሰበሰባቸው ጨረሮች መልሰው ሲገናኙ ነው። ያመለጠው ጨረር የያዘው ነገር ከምስሉ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው፣ ከተሰበሰቡት መካከል አንዳንዶቹን ሆን ብለው ቢጋርዱ ዛጎሉ ላይ የሌለ መስመር ምስሉ ላይ ይታያል። ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነገሮችን ደግሞ ተራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ መስኮት አይደለም። የሚያሳየን ምስል የተሠራ ነገር ነው።

የፓዌው ዘይት የመጣው ከዚሁ ስሌት ነው። ብርሃን ከብርጭቆ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር ዳር ዳሩ ያመልጣል፤ መሐሉ ብርጭቆን የሚመስል ዘይት ሲሞላ ያመልጥ የነበረው ይሰበሰባል። አቤና ዛይስ ይህን ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1878 አወጡ። አልፎንስ ላቬራን በ1880 አልጄሪያ ውስጥ፣ ኮንስታንቲን ከተማ፣ የወባን ተሕዋስ ያየው ያለዚህ ሌንስ ስለነበር ብዙዎች አላመኑትም። ማርኪያፋቫና ቼሊ በ1884 ሮም ላይ በዘይት ሌንስ ደም ሲመረምሩ ግን ነገሩ እየጠራ ሄደ። የወባን ሐኪም ዓይን የከፈተው ሌንስ ራሱ ዓይኑን የፈታው በዳያተም ነው ማለት ነው።

ሌንሱና መስመሮቹ አንዱ ለሌላው ዋስ የሆኑበት ክብ እንዴት ተሰበረ? ካናዳዊው ፈላስፋ ኢያን ሃኪንግ እ.ኤ.አ. በ1981 በማይክሮስኮፕ በእርግጥ እናያለን ወይ ብሎ ጠይቆ ሁለት ነገር መለሰ። አንደኛ፣ በአሠራራቸው የማይዛመዱ መሣሪያዎች ያንኑ ነገር ካሳዩ፣ ሁሉም በአጋጣሚ ያንኑ ውሸት ዋሹ ማለት ያስቸግራል። ዳያተምን የታደጋትም ይኸው ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ብርሃንን ጨርሶ የማይጠቀመው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጣና ቀዳዳዎቹ ቀዳዳ መሆናቸውን አሳየ። ሁለተኛ፣ የምናየውን ነገር እንነካዋለን፣ እንለውጠዋለን፣ ከዚያም ለውጡን መልሰን እናያለን። ፓዌ ላይ ይህ ክርክር ፍልስፍና አይባልም፤ ታካሚው መድኃኒት ይወስዳል፣ ደሙ በቀናት ውስጥ ዳግም ይታያል፣ ተሕዋሱ ጠፍቷል።

የመጀመሪያው መልስ ምን ያህል ውድ እንደሆነ በቅርቡም በአካባቢያችን ታይቷል። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ የተሕዋሱን ፕሮቲን ፈልጎ መስመር ያወጣል፤ ማስተካከያ የለውም፣ ባለሙያም እምብዛም አይፈልግም። ኤርትራ ውስጥ ግን መመርመሪያው «የለም» ያላቸው ሕሙማን ደም ላይ ማይክሮስኮፑ ተሕዋሱን አየው። ተሕዋሱ ፕሮቲኑን የሚያመርትበትን ዘረመል ጥሎት ነበር። በአማራ፣ በጋምቤላና በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ዓይነት ተሕዋስ አገኘ። አዲሱን ፈታኝ አሮጌው ፈተነው።

ሃኪንግን ግን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። ክርክሩ የሚሠራው እጁ መሣሪያው ላይ ላለ ሰው ነው። ጎበዝ የላቦራቶሪ ባለሙያን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ጣቱ ከማስተካከያው አይነሳም፣ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ያቺ ጠቆር ያለች ነገር የቀለም ዝቃጭ ትሁን ተሕዋስ የሚለየው በመልኳ ብቻ አይደለም፤ ከደም ሴሉ ጋር አብራ ትጠራለች ወይስ ከሴሉ በላይ ለብቻዋ ታበራለች በሚለው ጭምር ነው። ዕውቀቱ ግማሹ ያለው ጣቱ ላይ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ የሚቆርጠው ይህችን ጣት ነው። ፎቶውን የሚያይ ሰው ምንም ማዞር አይችልም፤ አንሺው የቆመበት ላይ ይቆማል።

ለዚህ ይመስለኛል የዛሬ ዘመን የዳያተም ፎቶ አንሺዎች የሚያደርጉት ነገር መጀመሪያ የሚያጠራጥረው። ኃይለኛ ሌንስ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያሳየው ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ውፍረት ነው፤ ዳያተሟ ግን ብዙ ማይክሮን ትወፍራለች። ስለዚህ ማስተካከያውን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ በርካታ ፎቶ ያነሱና ከያንዳንዱ የጠራውን ብቻ በኮምፒዩተር ያዋህዱታል። ውጤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠራ፣ ነገር ግን ማንም ሰው በየትኛውም ቅጽበት በዓይኑ ያላየው ምስል ነው። ይህ ውሸት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከነጠላው ፎቶ ይልቅ ይህኛው ለእውነት ይቀርባል ባይ ነኝ፤ የተቆረጠችውን ጣት ሥራ በአንድ ሉህ ላይ መልሶ ያሰፍራልና። አንሺው እንዴት እንደሠራው ይናገር እንጂ።

የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። ዛጎሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ በአሲድ ይቀቀላል፤ ብርጭቆው ሲቀር ሕይወቱ ይጠፋል። በሕይወት ያለችው ዳያተም ወርቃማ ቡናማ ናት፣ ብዙዎቹም ዝግ ብለው ይንሸራተታሉ። በፎቶ የምናደንቀው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመብራቱ አቀማመጥ ያመጣው ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ዲድሪክ ሞለር በዚያው 19ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ ስላይድ ላይ ከ4 ሺህ በላይ ዛጎሎችን ደርድሯል። እጁ የተባረከ ነበር፤ ስላይዱን ያየ ግን ስለ ባሕር አንዳች አይማርም። ባለቤቱ የሌለበት ቤት ነው።

ብርጭቆው ከየት እንደመጣም ምስሉ አይናገርም። ፓዌ ከባሕር ሩቅ ናት፤ በለስ ግን ከሱዳን ድንበር ወዲህ ዓባይን ይቀላቀላል። ከደጋችን ድንጋይ የሟሟው ሲሊካ በክረምቱ ደራሽ ውሃ እየተጓዘ በየዓመቱ ሜዲትራኒያን ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ከግብፅ ጠረፍ ፊት ለፊት የባሕር ዳያተሞች በገፍ ይራቡ፣ ሰርዲን ይመገባቸው፣ ዓሣ አጥማጁም ሰርዲኑን ያጠምድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የግብፅ ሰርዲን ምርት 18 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃውን መያዝ ከጀመረበት ከ1964 በኋላ፣ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ፣ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ፤ ኋላ በሌላ ምክንያት ቢያገግምም። ከዚያ ዘመን የቀረች የሜዲትራኒያን ዳያተም ፎቶ ቢገኝ፣ የደጋችን ድንጋይ ግድግዳዋ ውስጥ ይኖር ይሆናል። የትኛውም ሌንስ ግን አይለየውም።

ለፓዌ ደግሞ ቀረብ ያለ ጥያቄ አለ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና ውሃ በዋሻ አልፎ፣ የጣና በለስን ተርባይኖች አዙሮ ወደ በለስ ይፈስሳል። አውላኮሴይራ ግራኑላታ የምትባለው ዳያተም በጣና የታወቀች ናት። ነገ አንድ የፓዌ መምህር ስልኩን በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ዓይን ላይ ደግኖ ከበለስ ውሃ ይህቺኑ ቢያነሳ፣ ፎቶው የወንዙ ተወላጅ ትሁን ከሐይቅ የመጣች ሰፋሪ አይነግረውም። ይህ ጥያቄ ፓዌ ባለችበት በመተከል በሰው ላይ ሲነሳ ያስከተለውን መከራ እናውቃለን፤ በዳያተም ላይ ግን ቢጠየቅ የሚጎዳ የለም። ከፎቶው ፊት ተቀምጦ የሚመለስም አይደለም። መምህሩ ዋሻው ከሚፈስስበት በላይ ወጥቶ አንድ ጠርሙስ፣ ከታች ወርዶ ሌላ ጠርሙስ ውሃ መቅዳት፣ ዳያተሞቹን መቁጠር፣ በክረምትም በበጋም መድገም አለበት።