እዚያ ማን አለሽ?

ታናሽ እኅቴ ጀርመን አገር ከገባች 12 ዓመት አለፋት። ሥራዋ አረጋውያንን መጦር ነው። የሰው እናት ታጥባለች፤ የሰው አባት ታጎርሳለች፤ ሌሊት ደወል ሲጮኽ ተነሥታ ትሮጣለች። በእነዚህ ዓመታት ያገኘችውን የዓመት ዕረፍት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ያሳለፈችው እዚሁ አዲስ አበባ፣ እናታችን ቤት ነው።

ዘንድሮ ግን በስልክ ሌላ ወሬ ነገረችን። በነሐሴ የ16 ቀን ዕረፍት አላት። በእነዚያ ቀናት ሮምን፣ ናፖሊን፣ ሶሬንቶንና ባሪን፣ ከዚያም ባሕር ተሻግራ ዱብሮቭኒክንና ስፕሊትን፣ በመጨረሻ ቬኒስን ልታይ አስባለች። እኔ ታሪክ ነክ ነገር ስለማነብ የጉዞውን ዕቅድ እንዳቃናላት ለመነችኝ። እናታችን ስልኩን ተቀብላ የከተሞቹን ስም ዝርዝር እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እዚያ ማን አለሽ?»

አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ከበስተኋላው የብዙ ዘመን ፍልስፍና አለ። በእኛ ዘንድ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለንግድ፣ ለሕክምና፣ ለንግሥ። ቁልቢ የሚወርደው ስለት አለበት። ላሊበላ የሚሄደው ልደትን ሊያከብር፣ አክሱም የሚሄደው ኅዳር ጽዮንን ሊሳለም ነው። በደረሰበትም ዘመድ ይኖረዋል፤ ባይኖረው «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይመታል። ለማየት ብቻ መሄድ፣ ለማረፍ ብቻ መሄድ ግን… «ሽርሽር» የሚለው ቃል እንኳ በጆሯችን ውስጥ ዛሬም ትንሽ የቅብጠት ቃና አለው።

እኅቴ በጻፈቻቸው ከተሞች የእኛ ሰዎች እግር አዲስ አይደለም። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር አስከትለው ቬኒስ የገቡት በ1402 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ደብር የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 ማሳተም የጀመሩት በዚያው ከተማ ነው። አባ ጎርጎርዮስም ከዚያው ተነሥተው በ1652 ወደ ጀርመኗ ጎታ ሄደው ሉዶልፍን ቋንቋችንን አስተምረዋል። ሁሉም ግን ጉዳይ ነበራቸው። የእኅቴ ጉዳይ ምንድን ነው? ባሕር መዋኘት።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔም በልቤ ተቆጥቼ ነበር። እናታችን 74 ዓመቷ ነው። የድንጋይ ከተማ ይጠብቃል፤ እናት አትጠብቅም። የሮም ፍርስራሽ ለከርሞም እዚያው ነው፤ የእናታችን ነሐሴዎች ግን ስንት እንደቀሩ ማንም አያውቅም። ይህን ክርክር ማንም በቀላሉ አያፈርሰውም፤ እኔም ላፈርሰው አልሞክርም። ይልቅስ ከጎኑ ሌላ ነገር ላስቀምጥ።

እኅቴ እዚህ «ስታርፍ» ምን ትመስል ነበር? ሁለት ሻንጣ ሙሉ የሰው ዕቃ ተሸክማ ትመጣለች። ይህን ጽሑፍ የምጽፍበትን ኮምፒዩተር ያመጣችልኝም እሷ ናት። በማግስቱ ያልደረሰችበት ልቅሶ ይቈጠርላታል፤ አክስት ትጠየቃለች፤ የአክስት ልጅ የሥራ ማስኬጃ ይለምናታል፤ የጣራው ቆርቆሮ ማፍሰሱ ይነገራታል። አንድ ዓመት ከአውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛት «እንግዲህ ሄጄ ሥራዬ ላይ ልረፍ» ብላ ስቃ ነበር። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ጀርመን ውስጥ በ1963 የወጣው የዕረፍት ሕግ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ቢያንስ 24 የሥራ ቀናት ይሰጣል። የሚገርመው ግን ሌላው አንቀጹ ነው። ሠራተኛው በዕረፍቱ ጊዜ የዕረፍቱን ዓላማ የሚጻረር የገቢ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። የእኛም የ2019 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ለአንደኛው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ፈቅዷል። ሕግ እንግዲህ ሠራተኛውን ከአሠሪው ብቻ ሳይሆን ከራሱም ይጠብቀዋል። ከዘመዶቹ ግን ማን ይጠብቀው?

አርስጣጣሊስ ሥራ የምንሠራው ዕረፍት እናገኝ ዘንድ ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ለእርሱ ዕረፍት የሥራ ማገገሚያ ሳይሆን የሕይወት ዓላማ ነው። ይህ የፈላስፋ ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር ኦሪትን ይመልከት። የሰንበት ትእዛዝ ለጌታው ብቻ አልተሰጠም፤ ለሎሌውና ለገረዱም፣ ለበሬውና ለአህያውም ጭምር ነው። አህያን ያልረሳ ሕግ እኅቴን ይረሳታል?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። እናትን መጠየቅ ግዴታ ነው ወይስ ስጦታ? ሁለቱም ነው ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን መቅረት የማይቻልበት መምጣት ስጦታ ሊሆን አይችልም፤ ግብር ነው። ግብር ደግሞ ይሰበሰባል እንጂ አይመሰገንበትም። እኛም ቤት ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። እኅቴ በየዓመቱ በመጣች ቍጥር መምጣቷን ማየት አቆምን፤ ያየነው ሻንጣውን ነው። አንድ ዓመት መቅረት ስትችል ብቻ ነው የቀሩት ዓመታት በፍቅር የመጡ መሆናቸው የሚታወቀው።

እናታችን ጥያቄዋን ስትጠይቅ እኅቴ ጥቂት ዝም ብላ ነበር። ከዚያ «ማንም የለኝም እማዬ። የምሄደውም ለዚህ ነው» አለች። እናታችን ስልኩን መለሰችልኝ። ከፍቷት ነበር።

* * *

ዕረፍት መብት ነው ስንል ግን ነገሩ አላለቀም። «የማርፈው በማን ቤት ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። እናታችን ሳታውቀው የጠየቀችው ይህንንም ነው። ማንም የሌለው እንግዳ ለማን ነው የሚጠነቀቀው?

በዓለም ላይ ከቬኒስ የበለጠ ይህ ጥያቄ የከበዳት ከተማ ጥቂት ነው። በ1951 በደሴቲቱ አሮጌ ከተማ 175,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። በሪያልቶ አቅራቢያ ባለ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ከ2008 ጀምሮ የቀሩትን ነዋሪዎች ቍጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቤቱ ለእንግዳ ሲከራይ ለነዋሪው ይወደዳል፤ የዳቦ መሸጫው የጭምብል መሸጫ ይሆናል። በ2021 ግዙፍ የመንገደኛ መርከቦች በከተማዋ መካከል እንዳያልፉ ታገደ። በ2024 ደግሞ ከተማዋ በተመረጡ ቀናት ለሚመጣ የአንድ ቀን ጎብኚ የ5 ዩሮ መግቢያ አስከፈለች። ከተማዋ ውስጥ የሚያድር እንግዳ ግን ይህን ክፍያ አይከፍልም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቆም አሰኘኝ። አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ እየሰነበተ ሲሄድም መዳብ ነው ይላሉ። ቬኒስ ይህን ገለበጠችው። በእርሷ ዘንድ ከባዱ የአንድ ቀን እንግዳ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ድልድዩን ያጨናንቃል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ማታ ይሄዳል፤ ከማንም ጋር ሰላምታ አልተለዋወጠም። አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ሰው ቤት እንግዳ ነበር። አስተናጋጅ በሌለበት ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የሚሰነብተው እንግዳ ቢያንስ ዳቦ የሚገዛበትን ሱቅ ይለምዳል፤ ባለሱቁም እርሱን።

ዱብሮቭኒክ ከዚህ የባሰ ታሪክ አላት። በ1377 የዚያች ከተማ ሸንጎ ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሁሉ ከመግባቱ በፊት 30 ቀን በአቅራቢያ ባሉ ደሴቶች እንዲቆይ ወሰነ። እንግዳው አንድ ወር ጠብቆ ነበር የሚገባው። በእኛ ዘመን በዚያው በር ከመርከብ የወረዱ ሺዎች ገብተው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተመልሰው ይወጣሉ። በ2019 ከተማዋ ከመርከብ ኩባንያዎች ጋር ተስማምታ ለሚመጡት ቍጥር ወሰን አበጀች። ግንቡ በ1991 በመድፍ ሲደበደብ ለድንጋዩ ያዘነ ዓለም፣ በውስጡ ልጅ አሳድጎ መኖር እንዴት እየከበደ እንደሄደ አይጠይቅም።

ከሁሉ የከፋው እንግዳ ደግሞ ያየውን ጭኖ የሚሄደው ነው፤ ይህንን እኛ አሳምረን እናውቀዋለን። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ ሮም ላይ ቆመ። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ሊመለስ ቃል ተገባ፤ የተመለሰው ግን በ2005 ነው። በአገሩ መሬት ላይ ዳግመኛ የቆመው በ2008 ሆነ። እኅቴ ሐውልቱ ቆሞበት የነበረውን የፖርታ ካፔና አደባባይ እንድታይ በዕቅዱ ላይ አሰፈርኩላት።

ዕቅዱንስ እንዴት አወጣሁት? በመጀመሪያ በየሰዓቱ ከፋፍዬ ሠራሁት። ሰባት ቦታ ለ16 ቀን። ከዚያ ደመርኩት። ሻንጣ ማሰር፣ ጣቢያ መድረስ፣ መጠበቅ፣ አዲስ መኝታ መፈለግ፤ አንዱ ዝውውር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል። የሠራሁላት ዕቅድ ሳይሆን ሌላ የሥራ ፈረቃ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እዚህ ስትመጣ የምናደርግባትን እዚያም ላደርግባት ነበር። ናፖሊንና ሶሬንቶን ሰረዝኩ። ሮም አራት ቀን፤ ባሪ ሁለት ቀን፤ ከባሪ ወደ ዱብሮቭኒክ በመርከብ አንድ ሌሊት፤ ዱብሮቭኒክ ሦስት ቀን፤ የቀረው ለስፕሊትና ለባሕሩ።

ስፕሊት ላይ እናታችን የምታውቀው ሰው ተገኘ። ከተማዋ ያደገችው በሮም ቄሣር በዲዮቅልጥያኖስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። እናታችን ሰውየውን የምታውቀው ክርስቲያኖችን በመፍጀቱ፣ ዓመተ ሰማዕታትም ከንግሥናው ጀምሮ በመቈጠሩ ነው። በ305 ሥልጣኑን በፈቃዱ ትቶ በባሕሩ ዳር አረፈ። ተመለስና ግዛ ቢሉት በእጁ የተከለውን ጎመን እንዲያዩለት መለሰ ይባላል። እናታችን በዚህ አልሣቀችም። «የሰው ደም አፍስሶ ጎመን?» አለች። ልክ ናት፤ ማረፍ ብቻውን ማንንም አያጠራም፤ ከምን እንዳረፍን ይጠየቃል። መቃብሩን በኋላ ሰዎች ካቴድራል አደረጉት፤ የተሰየመውም በእርሱ ዘመን በተገደለው በሳሎና ጳጳስ ስም ነው። ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ባሪ ላይ ደግሞ ከ1087 ጀምሮ የቅዱስ ኒቆላዎስ ዐፅም አለ። በዚህም ልቧ እየራራ መጣ። ዳሩ ግን ልጠንቀቅ። ጉዞውን በስለት ስም አስውቤ ላሳምናት ብችል ይቀለኝ ነበር፤ ግን እኅቴ የምትሄደው ለመሳለም አይደለም። አንዲት የደከመች ሴት ለማረፏ ቅዱስ ምስክር መጥራት የለባትም።

የቀረችው ቬኒስ ነበረች። ለእርሷ የተረፈው አንድ ቀን ብቻ ነው። እናታችን «ማርቆስን ሳትሳለም?» አለች፤ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ 1959 ድረስ ጳጳስ ስትቀበል የኖረችው ከማርቆስ መንበር ነውና። ዐፅሙም ከእስክንድርያ ወደ ቬኒስ የተወሰደው በ828 ነው። እኅቴ ግን «ለአንድ ቀን ከምሄድ ባልሄድ ይሻላል» አለች። እናታችን አሰብ አድርጋ «እሱስ እውነት ነው፤ ቡና ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ ባይመጣ ይሻላል» አለች። እኔ ብዙ ገጽ አንብቤ የደረስኩበት ላይ እናቴ ከጀበናዋ አጠገብ ሆና ደረሰች። ቬኒስም ተሰረዘች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ማታ ብቻዬን ስቀመጥ የእናታችን ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚጠይቀው እኔን ነበር። እኅቴ በማትመጣበት ነሐሴ፣ በዚያ ዝናብ፣ እናታችን እዚህ ማን አላት? የምኖረው ከቤቷ በታክሲ 20 ደቂቃ ርቀት ላይ ነው። የምጠይቃት ግን በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም ቆሜ። በእኅቴ ላይ ስቆጣ የነበረው ለእናታችን አዝኜ ብቻ አልነበረም፤ የእኔንም ድርሻ እሷ ትሸከምልኝ ስለነበር ነው።

የእኅቴን ዕቅድ ከላክሁላት በኋላ በዚያው ደብተር ላይ ለራሴም 16 ቀን ጻፍኩ። ከተማ የለበትም። እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ዓርብ፤ ከሰዓት በኋላ፤ ቡናው እስከ በረካ ድረስ።