የገና በዓልና ቴሌቪዥን፦ ከርቀት የሚያይ ሰው አክብሯልን?

በዓል በምን ይከበራል የሚለው ጥያቄ ለሊቃውንት አዲስ ባይሆንም፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ገና ከቤተ ክርስቲያንና ከማዕድ ሌላ ሦስተኛ መከበሪያ ስላገኘ ጥያቄው አዲስ መልክ ይዟል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ የጎጃም ደጋ ከተሞች ሌሊቱን ሲያስቀድስ ያደረ ቤተሰብ ጾሙን ከገደፈ በኋላ ቴሌቪዥን ይከፍታል፤ ሳያስቀድስ ያደረውም እንዲሁ ይከፍታል፤ ሁለቱም የሚያዩት አንድ ዓይነት ዝግጅት በመሆኑ ልዩነታቸው በሳሎን ውስጥ አይታይም።

የበዓል ልዩ ዝግጅት የሚባለው፣ ማለትም ጣቢያዎች በዘፈን፣ በጭውውትና በአጫጭር ድራማ የሚያቀርቡት ፕሮግራም፣ መልኩ የታወቀ ነው፦ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ዶሮ ወጥ ይቀርባል፣ አርቲስቱም ስለ ልጅነት ገናው ይጠየቃል (መልሱም ብዙ ጊዜ ከጥያቄው በፊት ይታወቃል)። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚቀረጸው ከበዓሉ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር አጋማሽ የሚጀምረው የነቢያት ጾም ገና ሳይፈታ ስለሆነ፣ ካሜራው ፊት የቀረበው የፍስክ ማዕድ በጾም ወራት የተዘረጋ ነው። ጾም የበዓሉ መንገድ ነው በሚለው ትምህርት መሠረት ቀኑ ሳይደርስ ደስታውን ማሳየት ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ቀኑን የሚወስነው ሰው ሳይሆን የዘመን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብ የሚባለው ስሌት ነውና። ለዚህም ነው ገና በሌሎቹ ዓመታት ታኅሣሥ 29 ሲውል በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ 28 የሚከበረው።

ከዚህ የሚከብደው የመደጋገም ጉዳይ ነው፤ ተመልካች የወደደውን የበዓል ጭውውት በየዓመቱ እየፈለገ ያያልና። የልመነህ ታደሰና የአለባቸው ተካ፣ የደረጀ ኃይሌና የሀብቴ ምትኩ የቆዩ ቀልዶች ዛሬም ከአዲሶቹ ይልቅ የሚወደዱባቸው ቤቶች አሉ። በዓል ራሱ ድግግሞሽ ስለሆነ ይህ ልማድ በዓላዊ ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ዲማ ጊዮርጊስን፣ ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ያፈራ የጎጃም ምድር ስለ ድግግሞሽ የረቀቀ ትምህርት አለው። በማኅሌት፣ ማለትም ካህናት ሌሊት ቆመው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ በሚያቀርቡት ምስጋና፣ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሆነው ድጓ በየዓመቱ ቃሉ ሳይለወጥ ይመለሳል፤ በመካከሉ የሚገባው ቅኔ ግን ለዕለቱ አዲስ የሚፈጠር ስለሆነ፣ የአምናውን ዘንድሮ የሚደግም ባለቅኔ አይመሰገንም። የተቀረጸው ዝግጅት እንደ ቅኔው አዲስ አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ እንደ ድጓውም አይደለም፣ በድጓ የሚደገመው ቃሉ እንጂ ድምፁ አይደለምና፤ ዘንድሮ የሚዘምረው ካህን ዘንድሮ ራሱ መቆም፣ ራሱ መድከም አለበት። በቀረጻ ግን በሕይወት የሌለው አለባቸው ተካ ያንኑ ቀልድ በዚያው ድምፅ ሲናገር፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ቤተሰብ ብቻ አርጅቷል፣ ጎድሏል ወይም በዝቷል። ስለዚህ የቆየውን የገና ጭውውት ደጋግሞ ማየት ከልደት በዓል ይልቅ ለሙታን መታሰቢያ የቀረበ ተግባር ነው፤ ይህ ነቀፋ አይደለም፣ ሙታንን ማሰብ በሃይማኖቱም ክቡር ስፍራ አለውና።

የቀጥታ ሥርጭት የተለየ ነው። በላሊበላ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ሲያሸበሽቡ በደብረ ማርቆስ የሚያይ ሰው ቦታውን ባይጋራ ጊዜውን ይጋራል። ቅዳሴው ግን ከተመልካች ዓይንና ጆሮ በላይ ይጠይቃል፦ ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ ያዝዛል፤ በቤት ያለው ሰው ትእዛዙን ሰምቶ ከሶፋው ቢነሣ እንኳ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው በምዕራቡ ግድግዳ ከሆነ፣ ቅዳሴውን ለማየት ለቅዳሴው ትእዛዝ ጀርባውን መስጠት ግድ ይሆንበታል። ሥጋ ወደሙም፣ ማለትም በኅብስትና በወይን የሚሰጠው ቅዱስ ቁርባን፣ በምስል አይተላለፍም። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ፋሲካን ብዙ ምእመናን በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ሲከታተሉ ይህ ልዩነት በግልጽ ታይቷል፤ ጸሎቱ ቤት ድረስ መጣ፣ ቁርባኑ ግን በመቅደሱ ቀረ።

እንግዲህ ሥርጭቱ ለታመመ፣ ላረጀና ቤተ ክርስቲያኑ በሌለበት አገር ለሚኖር ሰው የጸሎት በር ሲሆን፣ ደጁ ላይ ደወል እየሰማ ለሚቀመጥ ሰው ግን የማስቀደስ ምትክ ሊሆን አይችልም። ጭውውቱና ዘፈኑ ከዚህ መለኪያ ውጭ ናቸው፤ ቤተሰብን በአንድ ክፍል ካሰባሰቡና ካሳቁ ሥራቸውን ሠርተዋል። ከጣቢያዎች የሚጠበቀው ቢያንስ በቀጥታ የሚተላለፈውንና አስቀድሞ የተቀረጸውን ለይተው በስክሪኑ ላይ መጻፍ ነው።