መሪ በተከታዮቹ ዓይን

ሹመት ከላይ ይሰጣል፤ መታመን ግን ከታች ይገኛል። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ዙፋኑን ከአባቱ ወረሰ፤ ነገር ግን ቀንበሩን እንዲያቀልላቸው የለመኑትን በክፉ ቃል ስለ መለሳቸው ዐሥሩ ነገድ ተለዩት። ዘውዱ በራሱ ላይ ሳለ የሕዝቡ ልብ ከእርሱ ሄደ።

እንግዲህ መሪ በሰው ዘንድ ለመታየት ብሎ ሊሠራ ይገባዋልን? ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲደረግ አስተምሯል፤ ደግሞም ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ አዝዟል። ሁለቱ ትእዛዛት አይጣሉም፤ የሚለያቸው ከመታየቱ የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ ነው።

ምሳሌውን ከእንጦጦ እናገኛለን። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ዘውድ ሲጭኑ አገሩ በክፉ ቀን ውስጥ ነበረ። የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈትተው ነበር። በዶማ መቆፈር ደግሞ ለጨዋ ሰው እንደ ውርደት ይቈጠር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። አንድ ሰው በቆፈረው መሬት ረኃብ አይጠፋም፤ ሆኖም ንጉሥ የያዘውን ዶማ መያዝ ለማን ያሳፍራል? አዋጅ ብቻ ቢነገር ኖሮ ሰሚው፣ «ከተቀመጠበት ሆኖ ያዝዘናል» ባለ ነበር።

ይሁን እንጂ የሕዝብ ዓይን ሁልጊዜ ቅን አይደለም። አሮን ሕዝቡ የወደደውን ሰምቶ የወርቅ ጥጃ ሠራ፤ በዚያች ሰዓት ተወደደ፤ መሪ ግን አልሆነም። ሙሴ ሕዝቡን ገሠጸ፤ ስለ እነርሱም ከመጽሐፍ መደምሰስን መረጠ። ስለዚህ መሪ የሕዝቡን አሳብ ማወቅ እንጂ ማምለክ አይገባውም።

ከየካ ሚካኤል ጀምሮ እስከ ገጠር አጥቢያ ድረስ ይህ ነገር ለሁላችንም ፈተና ነው። እጁ ንጹሕ የሆነ አስተዳዳሪ «እግዚአብሔር ያውቀኛል» ብሎ ሒሳቡን ቢሸሽግ ምእመኑ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው ሐሜትን ይወልዳል፤ በመጨረሻም ሙዳየ ምጽዋቱ ይጎድልና ድሀው ይራባል። እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ ሰው ግን የተገለጠውን ብቻ ያያልና ያላሳየነውን አላመነም ብለን ልንፈርድበት አንችልም። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ በተመለከተ ነቀፋ እንዳይነሣ ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ። ቃለ ዓዋዲም ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አብረው እንዲሠሩ ማዘዙ ለዚሁ ይጠቅማል።

እንግዲህ የተሾምን ሁላችን ሥራችንን በብርሃን እናድርግ፤ ክብሩን ግን ለባለቤቱ እንተው። አምላካችን የሚታመን እረኛ፣ የሚያስተውልም መንጋ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።